የጦር መርከብ ለውጭ ባሕር ኃይል ሲሸጥ፦ የክብደት፣ የሚዛንና የዕውቀት ጉዳይ

በኦገስት 2025 የኖርዌይ መንግሥት ቢያንስ አምስት ፍሪጌቶችን ከብሪታንያ ለመግዛት መወሰኑን አስታወቀ። የግዥው ግምት ወደ 10 ቢሊዮን ፓውንድ ይጠጋል። መርከቦቹ ብሪታንያ ለራሷ ባሕር ኃይል ነድፋ በግላስጎው ከተማ የምትሠራቸው «ታይፕ 26» በመባል የሚታወቁት ናቸው። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2018፣ አውስትራሊያም ይህንኑ ንድፍ መርጣ ነበር። ይሁን እንጂ ሁለቱ ገዢዎች የመረጡት ንድፍ አንድ ቢሆንም የሚረከቡት መርከብ አንድ ዓይነት አይደለም። ኖርዌይ መርከቦቿ ከብሪታንያዎቹ ጋር በተቻለ መጠን እንዲመሳሰሉ ስትወስን፣ አውስትራሊያ በበኩሏ በአገሯ የተሠራ ራዳርና የአሜሪካ «ኤጂስ» የውጊያ መቆጣጠሪያ ሥርዓት እንዲጫንባቸው ንድፉን አስለውጣለች። የብሪታንያው መርከብ ሙሉ ጭነት ሲይዝ ከ8,000 ቶን ትንሽ ከፍ የሚል ሲሆን፣ «ሀንተር» የተባለው የአውስትራሊያው ግን ወደ 10,000 ቶን ይደርሳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥቂት መሣሪያዎችን መለወጥ ይህን ያህል ክብደት የሚጨምረው ለምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በምናውቀው ፊዚክስ ለመመለስ እንሞክራለን። አንባቢው እንዲይዝልን የምንፈልገው ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። አንድ የጦር መርከብ በክብደት፣ በሚዛንና በሞተር አቅም መካከል የተደረገ ስምምነት ነው። ገዢው ከሦስቱ አንዱን ሲነካ የተቀሩት ይነቃነቃሉ። በመሆኑም ከአገር ወደ አገር ከሚሸጠው ነገር ሁሉ ውዱ ይህን ሒሳብ እንደ አዲስ መሥራት የሚያስችለው ዕውቀት ነው።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

አንድ አገር የነደፈው የጦር መርከብ ወደ ሌላ ባሕር ኃይል የሚሄድባቸው መንገዶች በጥቅሉ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ተሠርቶ ያለቀ መርከብ መሸጥ ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያዎቹን መርከቦች በሻጩ አገር፣ ቀሪዎቹን ደግሞ በገዢው አገር መሥራት ነው። ሦስተኛው ንድፉን ብቻ በፈቃድ መሸጥና ግንባታውን ሙሉ በሙሉ ለገዢው መተው ነው።

የንድፍ ሽያጭ አንዳንድ ጊዜ ረዥም ጉዞ ይጓዛል። ዴንማርክ ለራሷ ባሕር ኃይል የሠራችውን «ኢቨር ሁይትፌልት» የተባለ ፍሪጌት «ባብኮክ» የተባለ የብሪታንያ ኩባንያ አሻሽሎ ለብሪታንያ ባሕር ኃይል አቀረበው፤ ከዚያም ንድፉን ለኢንዶኔዥያና ለፖላንድ በፈቃድ ሸጠው። በዚህ ጉዞ ድንበር ሲሻገር የኖረው ብረቱ ሳይሆን ሥዕሉና ስሌቱ ነው።

አፍሪካም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላት። «ሜኮ» በሚል ስም የታወቀው የጀርመን የፍሪጌት ንድፍ ቤተሰብ የመጀመሪያ ልጅ ለናይጄሪያ የተሠራችው «አራዱ» ናት። ስሟ በሐውሳ ቋንቋ «ነጎድጓድ» ማለት ሲሆን አገልግሎት የጀመረችው በ1982 ነው። ከእርሷ በኋላ አርጀንቲና፣ ቱርክ፣ ግሪክ፣ ፖርቱጋል፣ አውስትራሊያ፣ ኒው ዚላንድ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ አልጄሪያና ግብፅ ከዚሁ ቤተሰብ ገዝተዋል። የሜኮ ንድፍ ይህን ያህል ገበያ ያገኘበትን ምክንያት ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ አስቀድመን ግን ችግሩን መረዳት ይኖርብናል።

ውኃ የሚያቀርበው ሒሳብ

እንደሚታወቀው በአርኪሜዲስ ሕግ መሠረት አንድ ተንሳፋፊ አካል የሚገፋው ውኃ ክብደት ከራሱ ክብደት ጋር እኩል ነው። መርከበኞች የመርከብን ክብደት የሚገልጹት በዚሁ በሚገፋው የውኃ ክብደት ነው። ስለዚህ በመርከብ ላይ አንድ ቶን ስንጨምር መርከቡ አንድ ተጨማሪ ቶን ውኃ እስኪገፋ ድረስ ዝቅ ይላል።

ስሌቱን ለማቅለል አንድ ምሳሌያዊ ፍሪጌት እንውሰድ። ርዝመቱ 150 ሜትር፣ ስፋቱ 20 ሜትር፣ ክብደቱ 8,000 ቶን ይሁን። በውኃው ወለል ላይ ቢቆረጥ የሚታየው ገጽ አራት ማዕዘን አይደለም፤ ወደ ፊት እየሾለ ይሄዳል። ስለዚህ የገጹን ስፋት ከ150 × 20 ውስጥ ሦስት አራተኛውን፣ ማለትም 2,250 ካሬ ሜትር እንበለው። የባሕር ውኃ እፍግታ በኪዩቢክ ሜትር 1.025 ቶን ገደማ በመሆኑ፣ መርከቡ አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል 2,250 × 0.01 × 1.025፣ ማለትም ወደ 23 ቶን ጭነት ያስፈልገዋል።

ይህች 23 ቶን ትንሽ ቁጥር ትመስላለች። ነገር ግን ገዢው በጠቅላላው 1,000 ቶን ቢያስጨምር መርከቡ 43 ሴንቲ ሜትር ይሰምጣል። ይህ ማለት ከውኃው በላይ የሚቀረው የመርከቡ ግድግዳ በዚያው መጠን ያጥራል፤ ማዕበል ወደ መርከቡ ወለል የሚወጣበት ዕድል ይጨምራል፤ በውኃ ውስጥ የሚጎተተውም አካል ይገዝፋል።

ክብደቱ የት ተቀመጠ?

ክብደት ምን ያህል ተጨመረ ከሚለው ይልቅ የት ተቀመጠ የሚለው ጥያቄ ይበልጥ አሳሳቢ ነው። በጣና ሐይቅ በታንኳ የተጓዘ ሰው ይህን ያለ ስሌት ያውቀዋል። ተቀምጦ ሲጓዝ ጸጥ ያለችው ታንኳ ተነሥቶ ሲቆምባት ትወላወላለች። የሰውየው ክብደት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከፍታው ነው።

መርከብ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል፣ በሰመጠው በኩል የሚገፋው ውኃ ስለሚበዛ የሽቅብ ግፊቱ ማዕከል ወደዚያው ጎን ይሸሻል። ከዚህ ማዕከል ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣው መስመር የመርከቡን መካከለኛ መስመር የሚቆርጥበት ነጥብ «ሜታሴንተር» ይባላል። የመርከቡ የክብደት ማዕከል ከዚህ ነጥብ በታች ከሆነ ሽቅብ ግፊቱና ክብደቱ ተባብረው መርከቡን ወደ ቀጥታ አቋሙ ይመልሱታል። በላይ ከሆነ ግን እነዚሁ ሁለት ኃይሎች ይገለብጡታል። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት እንግዲህ የመርከቡ የደኅንነት መለኪያ ነው።

በምሳሌያችን መርከብ ይህ ርቀት 1.2 ሜትር ነው እንበል። አሁን ገዢው 100 ቶን የሚመዝን ራዳርና ማማ ከክብደት ማዕከሉ 30 ሜትር ከፍ ብሎ እንዲተከል ጠየቀ። የክብደት ማዕከሉ ከፍ የሚልበት መጠን የሚገኘው የተጨመረውን ክብደት በከፍታው አባዝተን ለአዲሱ ጠቅላላ ክብደት በማካፈል ነው። (100 × 30) ÷ 8,100 = 0.37 ሜትር። የሜታሴንተሩን ትንሽ መንቀሳቀስ ችላ ብንለው፣ 1.2 ሜትር የነበረው የደኅንነት ርቀት ወደ 0.83 ሜትር ወረደ። የመርከቡ ክብደት በመቶ 1.25 ብቻ ሲጨምር ርቀቱ በመቶ 30 ያህል ቀነሰ ማለት ነው።

መሐንዲሶች ይህን ለማካካስ ከመርከቡ ሆድ ውስጥ፣ ለምሳሌ ከክብደት ማዕከሉ 8 ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ማመዛዘኛ ጭነት ያስቀምጣሉ። የሚያስፈልገው መጠን 3,000 ÷ 8 = 375 ቶን ነው። የ100 ቶን ራዳር የ475 ቶን ዕዳ ሆነ! መርከቡም ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰመጠ። ሌላው አማራጭ መርከቡን ማስፋት ነው፤ ስፋት መርከብን በእጅጉ ያጸናዋልና። ነገር ግን የሰፋ መርከብ ተጨማሪ ብረት ይፈልጋል፤ ውኃውን ለመክፈልም ይቸገራል። አንድ ንድፍ ድንበር ሲሻገር ክብደቱ እየገዘፈ የሚሄድበት ምሥጢር በአብዛኛው ይኸው ነው።

ይህ ስሌት የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኑን ታሪክ ያስተምረናል። በ1870 የብሪታንያ ባሕር ኃይል «ካፕቴን» የተባለች፣ ከባድ መድፎችን በሚሽከረከር ማማ የተሸከመች የሸራ መርከብ ነበረችው። ስትነደፍ ከውኃው በላይ 2.4 ሜትር ያህል ግድግዳ እንዲኖራት ታስቦ ነበር። ተሠርታ ስታልቅ ግን ከታቀደው በላይ ከብዳ ስለተገኘች ግድግዳዋ ወደ 2 ሜትር ዝቅ አለ። በሴፕቴምበር 7 ቀን 1870 ሌሊት በስፔን ጠረፍ በማዕበል ተገልብጣ ወደ 480 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ። ነዳፊዋ ካውፐር ኮልስም ከሟቾቹ አንዱ ነበር። የሚያስደንቀው ይኸው ሰው ነድፎት በዚያው በበርከንሄድ የመርከብ ፋብሪካ ለፔሩ የተሠራው «ሁዋስካር» የተባለ አነስተኛ መርከብ በ1865 ወደ ውኃ ወርዶ ዛሬም በቺሊ በሙዚየምነት እየተንሳፈፈ መሆኑ ነው። የነዳፊው ስም ለመርከብ ዋስትና አይሆንም፤ እያንዳንዱ መርከብ የራሱ ሒሳብ አለው።

ስለዚህም ዛሬ መርከብ ተሠርቶ ሲያልቅ የማዘንበል ሙከራ ይደረግበታል። የታወቀ ክብደት ከመርከቡ አንድ ጎን ወደ ሌላው ይዛወርና መርከቡ ምን ያህል እንዳዘነበለ በፔንዱለም ይለካል። በምሳሌያችን 20 ቶን 15 ሜትር ቢዛወር የዝንባሌው ታንጀንት 300 ÷ (8,000 × 1.2) = 0.031 ይሆናል፤ ይህም ወደ 1.8 ዲግሪ ነው። የሚለካው ማዕዘን ከዚህ ከበለጠ የክብደት ማዕከሉ ከታሰበው ከፍ ብሏል ማለት ነው። በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የወጣበት መርከብ በመጨረሻ የሚፈተነው ከክር በተንጠለጠለ ክብደት መሆኑ የፊዚክስ ተማሪን ሊያስደስት ይገባል።

የፍጥነት ዋጋ

ገዢዎች ብዙ ጊዜ «ትንሽ ፈጠን ቢል» ብለው ይጠይቃሉ። የውኃ መቋቋም በግምት ከፍጥነት ካሬ ጋር ያድጋል። የሞተር አቅም ደግሞ ይህን መቋቋም በፍጥነት ስናባዛ የሚገኝ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው አቅም ከፍጥነት ኩብ ጋር ያድጋል። መርከቡ 26 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ከሆነና 28 ኖት እንዲሄድ ከተፈለገ፣ 28 ለ26 ተካፍሎ በኩብ ሲነሣ 1.25 ይሆናል። በመቶ 8 ለማይሞላ የፍጥነት ጭማሪ በመቶ 25 ተጨማሪ አቅም ይጠየቃል። መርከቡ ራሱ የሚፈጥረው ማዕበል እየረዘመ ወደ መርከቡ ርዝመት ሲጠጋ ደግሞ ዋጋው ከዚህም ይብሳል።

የቁጥሩን ክብደት ለመገመት ያህል፣ በታይፕ 26 ላይ የተተከለው አንድ ጋዝ ተርባይን 36 ሜጋ ዋት ያመነጫል። የቆቃ የውኃ ኃይል ማመንጫ አቅም 43 ሜጋ ዋት ነው። በመቶ 25 መጨመር እንግዲህ ሌላ ሞተር፣ ሌላ ነዳጅ፣ ሌላ ክብደት ማለት ነው፤ ክብደቱም ወደ ቀደመው ምዕራፍ ይመልሰናል።

የገዢው ባሕር የሻጩ ባሕር አይደለም

ለሰሜን አትላንቲክ የተነደፈ መርከብ ወደ ቀይ ባሕር ወይም ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ሲሄድ አካባቢው ራሱ ይለወጥበታል። የጋዝ ተርባይን አቅም በሚስበው የአየር መጠን ይወሰናል። አየር ሲሞቅ እፍግታው ይቀንሳል። ከ15 ወደ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ እፍግታው 288 ለ308 ተካፍሎ 0.935 ይሆናል፤ ማለትም በመቶ 6.5 ያጣል። ማቀዝቀዣው ባሕር ደግሞ ራሱ የሞቀ ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ሥጋት ብቻ አይደለም። የብሪታንያ «ታይፕ 45» ዲስትሮየሮች በሙቅ ባሕሮች ላይ የኃይል መቋረጥ ይገጥማቸው እንደነበረ በ2016 በአገሪቱ ፓርላማ ፊት ተነግሯል፤ ችግሩን ለመፍታትም ተጨማሪ የዲዝል ማመንጫዎችን የመትከል ሥራ ተከትሏል። አገር ለራሷ የነደፈችው መርከብ ከቤቷ ርቆ ሲሄድ እንዲህ ከሆነ፣ ሌላ ገዢ በሌላ ባሕር ለዘወትር ሲጠቀምበት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያሻው መገመት አያዳግትም።

መጠባበቂያና ሞጁል

ነዳፊዎች ለዚህ ሁሉ ሁለት መድኃኒቶች አሏቸው። አንደኛው መጠባበቂያ ነው። ገና ከመጀመሪያው መርከቡ ወደፊት ሊጨመርበት የሚችለውን ክብደት፣ ቦታ፣ ኤሌክትሪክና የማቀዝቀዝ አቅም ባዶ አድርገው ይተዋሉ። መርከብ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ሲያገለግል መሣሪያው ደጋግሞ ይለወጣልና ይህ ቅንጦት አይደለም። ገዢው መጠባበቂያውን በመጀመሪያው ቀን ከጨረሰው ግን የወደፊቱን አስቀድሞ በላው ማለት ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት ሞጁል ነው፤ የሜኮ ንድፍ ገበያ ያገኘውም በዚህ ነው። መድፉ፣ ሚሳይሉና የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያው መጠናቸው አስቀድሞ በተወሰነ ክፍሎች ይገጠማሉ። የክፍሉ ወሰን፣ ክብደትና የኤሌክትሪክ መጋጠሚያ ስለሚታወቅ አንዱ ገዢ የጣሊያን፣ ሌላው የፈረንሳይ መሣሪያ ቢመርጥ የመርከቡ አካል እንደገና አይነደፍም። ለደቡብ አፍሪካ የተሠሩት አራቱ ፍሪጌቶች በጀርመን ተሠርተው የውጊያ መሣሪያቸው በደቡብ አፍሪካ ሊገጠም የቻለው በዚህ መሰል አሠራር ነው።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ እርሱም አለመለወጥ ነው። አውስትራሊያ በ2018 ዘጠኝ የሀንተር መርከቦችን አቅዳ በ2024 ቁጥሩን ወደ ስድስት ዝቅ አድርጋለች። በኦገስት 2025 ደግሞ የተሻሻለውን የጃፓን «ሞጋሚ» ፍሪጌት ስትመርጥ የያዘችው አቋም ንድፉን በተቻለ መጠን ሳይነኩ መቀበል ነው። ከ11ዱ መርከቦች ሦስቱ በጃፓን፣ የቀሩት በአውስትራሊያ እንዲሠሩ ታስቧል። የኖርዌይ ውሳኔም ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

ከገዢነት ወደ ሻጭነት

ንድፉን አለመንካት ለገዢው ደኅንነት ይሰጠዋል፤ ዕውቀት ግን አይሰጠውም። ይህን ለመረዳት የቱርክን ጉዞ መመልከት ይጠቅማል። ቱርክ በ1980ዎቹ አራት የሜኮ ፍሪጌቶችን ስትገዛ ሁለቱ በጀርመን፣ ሁለቱ በራሷ በጎልጁክ የባሕር ኃይል ፋብሪካ ተሠሩ። ባለሙያዎቿ በሌላ ሰው ንድፍ ላይ እየሠሩ ተማሩ። ቀጥለው «ሚልጌም» የተባለውን፣ ትርጉሙ «ብሔራዊ መርከብ» የሆነውን ፕሮግራም ጀመሩ። የመጀመሪያዋ ኮርቬት «ሄይቤሊአዳ» በ2011 አገልግሎት ጀመረች። በ2018 ፓኪስታን በዚህ ንድፍ ላይ የተመሠረቱ አራት መርከቦችን አዘዘች፤ ሁለቱ በኢስታንቡል፣ ሁለቱ በካራቺ የሚሠሩ። በ2020 ዩክሬን ተከተለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የፓኪስታን መርከቦች የቱርክ ቅጂዎች አይደሉም። የቱርኮቹ 99 ሜትር ያህል ሲረዝሙ የፓኪስታኖቹ ከ108 ሜትር በላይ ናቸው፤ የሞተር አደረጃጀታቸውም የተለየ ነው። ይህን ለማድረግ ከላይ የዘረዘርነውን ስሌት ሁሉ ከራስ መጀመር ያስፈልጋል። በ1980ዎቹ የሌላውን ሥዕል ያነብ የነበረ አገር ዛሬ ለሌላው ሥዕል ይሠራል። በመካከሉ ያለው ርቀት አንድ ትውልድ መሐንዲሶች ነው።

ፊዚክስ የማይመልሰው ጥያቄ

መርከቡ ይንሳፈፋል ወይ የሚለውን ፊዚክስ ይመልሳል። መግዛት ይገባል ወይ የሚለውን ግን አይመልስም። ደቡብ አፍሪካ በ1999 የፈረመችው የጦር መሣሪያ ግዥ ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤትና በመርማሪ ኮሚሽን ሲፈተሽ ቆይቷል። ገንዘቡ በትምህርትና በጤና ላይ ቢውል ይሻል ነበር የሚለውም ክርክር አልበረደም። የጦር መርከብ በመጨረሻ የጦር መሣሪያ ነው፤ ለማን እንደሚሸጥና በማን ላይ እንደሚውል የሚወስነው ኅብረተሰብ እንጂ ቀመር አይደለም። ሆኖም ስሌቱን የሚያውቅ ዜጋ የሻጩን ማስታወቂያ ከመርከቡ ለይቶ ማየት ይችላል።

አገራችንም በዚህ ታሪክ ውስጥ በገዢና በተቀባይ ወገን ነበረች። «ኢትዮጵያ» የተባለችው የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሠራቻትና በ1962 ለእኛ የተላለፈች ነበረች። ኤርትራ በ1993 ነፃ ከወጣች ወዲህ አገራችን የባሕር በር የላትም፤ ባሕር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም ግን በ2019 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ወደፊት የሚሆነው ምንም ይሁን ምን፣ የማዘንበል ሙከራ ማድረግ የሚችል መሐንዲስ ለጦር መርከብ ብቻ የሚፈለግ አይደለም። በጣናና በዓባያ ሐይቆች ላይ ሰውና ጭነት የሚያመላልሱ ጀልባዎች የሚገዙት በዚያው ሕግ ነው። ይህን ሒሳብ መማር ወደብ አይጠይቅም።

ለአንባብያን የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ስፋቱ 2.5 ሜትር የሆነ ሳጥን መሰል ጀልባ በጣና ላይ ይንሳፈፋል። እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 10 ሰዎች ቢሳፈሩበት ምን ያህል ዝቅ ይላል?

2. ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ ግራም በሚመዝን ጀልባ ላይ አምስት ተሳፋሪዎች (በጠቅላላው 300 ኪሎ ግራም) ከወለሉ ተነሥተው 2 ሜትር ከፍ ወዳለው ጣሪያ ቢወጡ የክብደት ማዕከሉ ምን ያህል ከፍ ይላል?

3. ፍጥነትን ከ15 ወደ 18 ኖት ለማሳደግ የሞተሩ አቅም በስንት እጥፍ ማደግ አለበት?

መልስ፦ 1) 2.4 ሴንቲ ሜትር፤ 2) 20 ሴንቲ ሜትር፤ 3) ወደ 1.73 እጥፍ።